አደራ የተባለው ካርቶን

ሳጃና ሰፈር የምንኖር ስደተኛ ሐበሾች ፍርድ ቤት ጉዳይ ሲገጥመን ዐረብኛ ታውቃለች ተብዬ የምጠራው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ዘሐራ የምትባል የወሎ ልጅ በዋስ ከርማ የፍርዷ ቀን ደርሶ፣ ላስተረጉምላት ባሕሪ ፍርድ ቤት ሄድኩ። ከድንበሩ ከተማ ከገላባት በአውቶቡስ ባመጣችው ካርቶን ውስጥ ሁለት የአቦሸማኔ ግልገሎች ተገኝተዋል። ዋናው አዘዋዋሪ ቀድሞ ተፈርዶበታል፤ የቀረችው ተባባሪዋ እሷ ናት።

"የሰው አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ አይከፈትም። ውስጡ ምን እንዳለ ወላሂ አላውቅም!" እያለች ታለቅሳለች። እኔም ስንቱን የታሸገ አደራ ሳልከፍት አድርሻለሁና አንጀቴን በላችው። ዓይኗን ግን አላመንኩትም፤ በእንባ መሃል ዳኛውን በጎን ትሰልላለች። መውላና፣ ዳኛው ማለቴ ነው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "መንገዱ ሙሉ ቀን ነው። ታዲያ እንዴት በረሃብ አልሞቱም?" አሉ። ነገርኳት።

ዘሐራ እንባዋን ጠረገች። "እኔ እያለሁ? ለመውላና ንገሪልኝ፤ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ወተት ሳጠጣቸው ነው የመጣሁት!" ብላ እርፍ። ብተረጉም ላሳስራት ነው፤ ብዋሽ ልታሰር ነው። ተረጎምኩት። መውላና ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ሦስት ወር ፈረዱባት።

ፖሊሱ ሊወስዳት ሲል እጄን ያዘችና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

"እታለም፣ ጀብራ ሰፈር ቤቴ ውስጥ አንዲት ካርቶን አለች። ባለቤቱ ሲመጣ ስጪልኝ። የሰው አደራ ናት፤ እንዳትከፍቻት።"

"ወተት በቀን ስንቴ ነው የምትጠጣው?" አልኳት።