ምራታቸውን የደበቁት ቁልፍ ሠሪ

ቁልፍ ሠሪው ሽማግሌ በሰፈሩ «አባ ቆልፍ» ይባላሉ። ስሙ የወጣላቸው በሥራቸው ብቻ አይደለም። እሳቸው ዘንድ በርም አፍም እኩል ይቆለፋል፤ «እንደምን ዋሉ?» ያላቸውን ሰው እንኳ «ምን ፈልጎ ይሆን?» ሳይሉ አያሳልፉትም። ክፉ ሰው ናቸው ማለቴ አይደለም። ደግ ናቸው፤ ችግሩ ደግነታቸውንም ደብቀው መያዛቸው ነው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ «የፎቶ ቤቱ በር አልከፈት ብሎ ደንበኞች ውስጥ ቀርተዋል፣ ይድረሱልን» ተባሉና የመሣሪያ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ገሰገሱ። ጥቂት ከታገሉ በኋላ በሩ ተከፈተ። ከታፈኑት መካከል መጀመሪያ የወጣችው የገዛ ምራታቸው ሆና ተገኘች። በእጇ ሰፋፊ ፎቶዎች ይዛለች። በላይኛው ላይ እሷ በነጭ ቀሚስ፣ ወንድ ልጃቸው በወታደር ልብስ፣ ሁለቱም ጥርሳቸው እስኪታይ ይስቃሉ።

«አንቺ ልጅ!» አሉ ሽማግሌው፣ ፎቶውን በሥራ ካፖርታቸው ሊሸፍኑት እየቃጣቸው። «የሠርግ ፎቶ በአደባባይ ይዞ መዞር ምን ይሉታል?»

«እንኳን እርስዎ መጡልኝ፣ አባባ» አለች ልጅቷ ጎንበስ ብላ። «ፎቶው ለኢሚግሬሽን ቢሮ ነው። እስቲ እዚህ አግዳሚው ላይ አረፍ ይበሉና ላጫውትዎ።»

አንባቢ ነገሩ ግራ እንዳይገባው ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። የአባ ቆልፍ ልጅ የወታደር መኪና ጠጋኝ ነው። ለሥልጠና ጎረቤት አገር ሄዶ ሳለ ይህችን የላብራቶሪ ባለሙያ አገኘ፤ እዚያው ተጋቡና ወደ አባቱ ቤት ይዟት መጣ። ሻንጣዋ ተፈትቶ ሳያልቅ ግን የግዳጅ ጥሪ ደረሰውና ባሕር ተሻግሮ ሄደ። አባ ቆልፍ ሚስታቸው ሞታባቸዋል። ስለዚህ ከወጣት ምራታቸው ጋር ብቻቸውን ቀሩ። ሰፈሩ «ይህች ማን ናት?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ዓይናቸውን ሳያሹ «የእህቴ ልጅ ናት፤ ልታግዘኝ መጥታ ነው» አሉ። እህት የላቸውም።

«የምን ኢሚግሬሽን?» አሉ አሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ባልሽ ሲመለስ ሁለታችሁ ትሄዳላችሁ። እስከዚያ ዝም ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፣ አባባ። ግን እሱ የሚመለሰው የዛሬ ዓመት ነው። የእኔ የጎብኚ ፈቃድ የሚያበቃው ደግሞ በዚህ ወር መጨረሻ ነው። ዝም ብዬ ብቀመጥ ሕግ ተላላፊ እባላለሁ። ብወጣ ደግሞ ተመልሼ ለመግባቴ ዋስትና የለኝም።»

«ታዲያ ባል በሌለበት የሚስትነት ጉዳይ ይታያል እንዴ? ሁለቱም ካልቆሙ ማን ያምናል?»

«እኔም እንዲያ ይመስለኝ ነበር። ቤት ቁጭ ብዬ ከምጨነቅ ሄጄ ጠየቅሁ። ባልየው ግዳጅ ላይ ከሆነ መቅረብ አይጠበቅበትም። አዛዡ ግዳጅ ላይ መሆኑን በደብዳቤ ያረጋግጣል፤ እሱም ማመልከቻውን ካለበት ሆኖ ፈርሞ ይልካል። ልጅዎ ሁለቱንም ልኮልኛል። ባለፈው ሳምንት አስገብቻለሁ።»

«ሳትነግሪኝ?»

«ሳልነግርዎ። ይቅርታዎን እለምናለሁ። መደበቅን ከማን እንደተማርኩ ግን እርስዎም አይጠፋዎትም።»

አባ ቆልፍ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሰው ልጅ የራሱን ጠባይ በሌላ ሰው ላይ ሲያየው እንዴት እንደሚያስቀይመው! «እሺ፣ አስገብተሻል» አሉ። «ያላየሽን መንግሥት ‹እዩኝ› ማለት ነው እኮ!»

«እዩኝ ማለቴ ነዋ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?»

«ትዳር በሽታ ነው እንዴ?»

«የእኔስ ትዳር ጤነኛ ነበር፤ መደበቁ ነው ያሳመመው» አለችና ሳቋ ጠፋ። «አባባ፣ ትናንት የቢሮው ሰው ሰፈራችን መጥቶ ነበር። ባለዳቦ ቤቷን ‹የወታደሩን ሚስት ያውቋታል?› ብሎ ጠየቃት። ‹እሱ ሚስት የለውም› አለችው። ‹ያቺ የሽማግሌው የእህት ልጅ ናት፤ እንዲያውም ለወንድሜ ልጅ ልጠይቃት ነው› አለችው።»

«ምን?»

«ዛሬ ጠዋት ቢሮ ተጠራሁ። የሐሰት ጋብቻ ነው ብለው ጠርጥረዋል። የሠርግ ፎቶ ጨምሪ ተብያለሁ። ከሁሉ በላይ ግን፣ የእህት ልጅ ናት ያሉት ሽማግሌ ራሳቸው መጥተው ቃላቸውን ካላቀኑ፣ ማመልከቻሽ ውድቅ ይሆናል አሉኝ።»

ሽማግሌው መፍቻቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ አዛወሩ።

«እኔ ያን ያልኩት ለክብርሽ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ሰው ምን ይላል? ባሏ ጥሏት ሄደ ይላል፤ ሌላም ሌላም ይላል። የእህቴ ልጅ ስልሽ ሁሉም አፉን ዘጋ።»

«አፉን መች ዘጋ፣ አባባ? ሌላ ወሬ ጀመረ እንጂ! ሊድሩኝ ነው እኮ! ባለዳቦ ቤቷ ሁልጊዜ ትኩሱን መርጣ የምትሰጠኝ ለምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ።»

እዚህ ላይ አባ ቆልፍ ሳይወዱ በግድ ሳቁ። ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም። «አሁን ሄጄ ዋሽቼ ነበር ብል እኮ ሰው ውሸታም ይለኛል። በዚህ ዕድሜዬ!»

«ይልዎታል። ለአንድ ሳምንት ያህል ያወራሉ፤ ከዚያ ሌላ ወሬ ያገኛሉ። እኔ ከሄድኩ ግን ልጅዎ ዕድሜውን ሙሉ ምን ይልዎታል? እርስዎን አምኖ ነው እኮ ትቶኝ የሄደው።»

የተማረ ሰው ሲከራከር አንዳንዴ ይረዝማል፤ ይህች ልጅ ግን እዚህ ላይ አቆመች። ማቆሟም በጀ፤ አባ ቆልፍ ስለ ሰው አፍ አርባ መልስ ነበራቸው፣ ስለ ልጃቸው ግን አንድም አልነበራቸውም። ብድግ አሉና ቦርሳቸውን አነሡ። «ነይ ተከተዪኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን።»

ዳቦ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ባለዳቦ ቤቷ ክንዷ ድረስ ዱቄት ለብሳ ትሸጣለች። አባ ቆልፍ በሹክሹክታ ሊነግሯት ፈልገው ነበር፤ የሊጥ ማቡኪያው ማሽን ጩኸት ግን ሹክሹክታ የሚያሰማ አልሆነም።

«ስሚኝማ! ይህች ልጅ የእህቴ ልጅ አይደለችም!» ብለው ጮኹ። ወረፋው በሙሉ ዞረ። «የልጄ ሚስት ናት! የዋሸሁት እኔ ነኝ!»

ባለዳቦ ቤቷ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እና ለወንድሜ ልጅ አዲስ ልብስ ያሰፋሁለት ለምኔ ነው?» አለች። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁ በኋላ ግን ፊቷ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ምነው እንዲህ አደረጉን? ባሏ ግዳጅ ላይ ያለች ሴት አጠገባችን ተቀምጣ አንድ ቀን እንኳ ‹ከባልሽ ወሬ አለ ወይ?› ብለን አልጠየቅናት። እንዲህ ያለ ጎረቤት አደረጉን! እኔም ያልኩትን ራሴ ሄጄ አነሣለሁ።» ሽርጧን ፈታች፤ ሽያጩን ለባሏ ተወችለት።

የኢሚግሬሽን ቢሮው ሹም መነጽሯን አውርዳ ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። ባለዳቦ ቤቷ የተናገረችው ከሽማግሌው አፍ የሰማችውን ብቻ እንደሆነ አስረዳች። ተራው የአባ ቆልፍ ሆነ።

«ይህች ሴት ምንዎ ናት?» አለች ሹሟ።

«የልጄ ሚስት ናት።»

«ታዲያ ለምን ደበቋት?»

«ፈርቼ ነው፣ እመቤቴ።»

«ማንን ፈርተው?»

ሽማግሌው ምራታቸውን አዩዋት። አንገቷን ደፍታለች። «የማላውቀውን ሰው ፈራሁ» አሉ። «ጉዳቱ የደረሰው ግን በማውቃት ላይ ነው።»

ሹሟ የጻፈችውን አስፈረመቻቸውና «ይህን ቀደም ብለው ቢነግሩን ኖሮ እኛም ሰፈር ለሰፈር ባልዞርን» አለች፣ ፈገግታዋን መደበቅ እያቃታት።

ወሩ ሳያልቅ የትዳር ጓደኛ የመኖሪያ ፈቃዱ ወጣ። በዚያ ፈቃድ ልጅቷ ጤና ጣቢያው ላብራቶሪ ውስጥ ሥራ ጀመረች፤ ዛሬ የሰፈሩ ሰው ለምርመራ ደም የሚሰጠው ለእሷ ነው። ባሏ ወደ ቤቱ ልቡ ሳይንጠለጠል ግዳጁን ይወጣል። ባለዳቦ ቤቷ ዳቦውን አሁንም ትኩሱን ትመርጥላታለች፤ የወንድሟ ልጅም ልብሱን ለሌላ ጉዳይ ይለብሰዋል። አባ ቆልፍ ደግሞ ጉንፋን ጥሏቸው የተኙ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ሾርባ ይዞ መጣላቸው፤ ለካ ጎረቤት አላቸው! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለው እውነት ነው። እንግዲህ አባወራው ሩቅ ግዳጅ ላይ ያለ ቤተሰብ ሁሉ ይህን ይወቅ፤ ሕጉ ምን እንደሚል ሳይጠይቅ በፍርሃት ቀኑን አያሳልፍ። መጠየቅ አያሳፍርም፤ ትዳርም የሚያስደብቅ ነውር አይደለም።

ፈቃዱ የወጣ ዕለት ልጃቸው ከባሕር ማዶ ደወለ። አባ ቆልፍ መንገድ ላይ ነበሩ፤ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው «ሚስትህ ፈቃዷን አገኘች! ምራቴ ቀረችልን!» እያሉ ይጮኻሉ።

«አባባ» አለ ልጁ ደንግጦ፤ የአባቱን ጠባይ ያውቃልና። «ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ሰው ይሰማል እኮ!»

«ይስማ!» አሉ።