ጃንጥላው ለወፍ ነው

ከፎንቆ ወደ ሆሳዕና የምታዘግመው አውቶቡሳችን ቀንድ አውጣ እንኳ ጡሩምባ ነፍቶ የሚቀድማት ዓይነት ነበረች። ውጭው ጭጋግ ብቻ ነው። ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት ትከሻዋ ላይ ለተኛው ባሏ ጃንጥላ ዘርግታለታለች።

«ልጄ፣ ዝናብ የለ፤ ጣሪያ አለ» አሏት አጠገቧ ያሉት ባልቴት።

«ለወፍ ነው፣ እማማ።»

«ለምን?»

«ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ወፍ በላዩ አልፋበት ነው፣ የወፍ በሽታ ነው አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ያለ ጃንጥላ አላስወጣውም።»

«ሆዱስ?»

«ተነፍቷል። እህልም አይቀምስ።»

«በጃንጥላ የምትሸኚው ወዴት ነው?»

«አረቄ ቤት ነዋ! ጠጥቶ እስኪወጣ ደጁ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።»

«እንግዲያ ወፏ ያለችው መለኪያው ውስጥ ነው፣ ልጄ። ጉበቱን እየበላችው ነው።»

ባልየው በእንቅልፍ ልቡ ፈገግ አለ።

«ይተርፍልኛል፣ እማማ?»

«እሱን የሆሳዕናው ሐኪም ያውቃል። ስንት ይጠጣል ሲልሽ ግን አንዲት መለኪያ እንዳትደብቂ።»

«አፍሬ ሁለት ልለው ነበር።»

«ስንት ነው?»

«ቆጥሬ አላውቅም» አለችና ጃንጥላውን ቀስ ብላ አጠፈችው።

እኔ ደግሞ ሆሳዕና እስክንገባ ድረስ፣ ከጃንሆይ ፎቶ በታች በተሰቀለው የሾፌሩ መስታወት ውስጥ የገዛ ዓይኔ ቢጫ ሆኖ እንደሆነ ሳይ ቆየሁ።