ሦስተኛውን ሲሊንደር አትንኩ ያለው ድምፅ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ መጠሪያ፦ በሰፈሩና በሥራው «ጋሽ ቶርኖ» (ሙሉ ስሙ ከተያያዘው የመታወቂያ ግልባጭ ላይ ይገኛል)
ዕድሜ፦ 54
ሥራ፦ የሞተር ሲሊንደር ማስፋትና የቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ሥራ
አድራሻ፦ ከአሮጌው መጋዘን ጀርባ፣ አረንጓዴ የብረት በር ያለው ወርክሾፕ፤ መኖሪያውም እዚያው ግቢ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ
ጉዳዩ፦ ቀደም ሲል ውሳኔ ያገኘ የግድያ መዝገብን ይመለከታል

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ ዛሬ የሰማሁትንና ያየሁትን እንደሚከተለው አስረዳለሁ። ቃሌን ሳጅኑ እንዲጽፍልኝ ጠይቄያለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ከትንሽ አሮጌ መኪናው ጋር ጠፋ። ወንድሜ መካኒክ ነበር፤ ጋራዡን የሚሠሩት «ዝምተኛው» ከምንለው ባልንጀራው ጋር በሽርክና ነበር። በጠፋበት ዋዜማ ሁለቱ በዚያችው መኪና ምክንያት ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። በማግስቱ ጋራዡ ወለል ላይ ደም፣ ጥግ ላይ ደግሞ በደም የተበከለ የወንድሜ ቱታ ተገኘ። ዝምተኛው ሲጠየቅ ወንድሜን የሞተር ማራገቢያ እጁን እንደቆረጠው፣ ቁስሉን እሱ ራሱ እንዳሰረለት፣ ከዚያም ወንድሜ ሻንጣውን መኪናው ላይ ጭኖ በሕይወት እንደሄደ ተናገረ። ማን ይመነው? ዓመት ሙሉ አሥር ቃል የማይወጣው ሰው ያን ቀን ብዙ ማውራቱን ራሱን ጥፋት አድርገን ቆጠርንበት። ተፈረደበት፤ እስከ ዛሬ ማረሚያ ቤት ነው። እኛም ሬሳ ሳናገኝ አልቅሰን እርማችንን አወጣን። የዝምተኛው ሚስት ከእኔ ወርክሾፕ ሦስት በር አልፋ ትኖራለች። እናቴ እሷን ስታይ ፊቷን ታዞራለች፤ እኔ መንገድ እሻገራለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት የሞተር ብሎክ በፒካፕ አስጭና ወደ ወርክሾፔ መጣች። በሙያዋ ኤሌክትሪሺያን መሆኗን ነገረችኝ። መኪናዋን አላመጣችም፤ ብሎኩን ብቻ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር፣ አንድ ሺህ ሲሲ፣ ድሮ ብዙ ሰው ይነዳት የነበረች የትንሽ መኪና ሞተር ነው። እንዲህ ዓይነቱ ብሎክ በእጄ ስንቱ እንዳለፈ ቁጥሩን አላውቅም። ጥቁር ቀለም ደጋግሞ ስለተቀባ የሞተሩ ቁጥር አይነበብም ነበር፤ የእኔ ሥራ የሲሊንደሩ ጉድጓድ እንጂ ቁጥሩ ስላልሆነ አልጠየቅኩም።

ወጣቷ መኪናዋ ዳገት ላይ እያለቀሰች እንዳስቸገረቻት፣ ጉልበት እንድትጨምርላት እንደምትፈልግ ገለጸች። ከሌላ ትልቅ መኪና የተገኙ አራት ሰፋፊ ፒስተኖችና የፒስተኖቹን ምት የሚያስረዝም ኮሎ፣ ማለትም ፒስተኖቹን የሚያንቀሳቅስ ጠማማ ዘንግ፣ ይዛ ነበር። ሲሊንደሮቹ በአራት ሚሊሜትር እንዲሰፉ ጠየቀች። ግድግዳው ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል ብዬ መከርኳት፤ አልሰማችም። ድርቅ ብላ ስትከራከረኝ ቆይታ በመጨረሻ አሳቀችኝና ተስማማሁ። እንጀራ አባቷ መኪናዋን ሲሰጣት የትም አሠሪያት፣ እዚያ ከተማ (ይህን የእኛን ማለቱ ነው) ግን እንዳትወስጃት፣ ሁሉም አበላሽ ነው ብሎ እንዳስጠነቀቃት፣ እሷ ግን የእኔን ማሽን ዝና ሰምታ ሳትነግረው እንደመጣች አጫወተችኝ። አበላሽ መባሌ ከንክኖኝ ነበር፤ ማን ነው እሱ ደግሞ ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

ፒስተኖቹን አንድ በአንድ መዝኜ ክብደታቸውን አስተካከልኩ። ዛሬ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ወጣቷ ባለችበት አንደኛውንና ሁለተኛውን ሲሊንደር አሰፋሁ። ሁለቱም እንደ መስታወት ወጡ። የማሽኑን ቢላ ሦስተኛው ላይ አስተካክዬ ላወርድ ስል ወጣቷ ደስታዋን መቋቋም አቅቷት ለእንጀራ አባቷ ደወለች። ሥራውን እንዲሰማ ብላ ስልኳን ድምፁን ከፍታ የመፍቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የት እንዳለች አልነገረችውም። «አባዬ፣ በአራት ሚሊ እያሰፉልኝ ነው፤ ሁለቱ አልቀዋል» አለችው።

በስልኩ የመጣው ድምፅ ያለው ቃል በቃል የሚከተለው ነው፦ «አራት ሚሊ? በይ ማሽኑን አስቁሚ። ሦስተኛውን እንዳይነኩት። ሦስተኛው ካሚቻ ነው፣ ከጭነት መኪና ካሚቻ ተቆርጦ የገባ ነው። ያስገባው ሰው እጁ አይታማም፣ ግን ሲበዛ ቀጭን ነው፤ አራት ሚሊ ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል።»

ሳጅኑ ካሚቻ ምን እንደሆነ እንዳብራራ ስለጠየቀኝ፦ የሲሊንደሩ ግድግዳ ሲጎዳ ውስጡ ተቦርቡሮ የሚገባ የብረት እጅጌ ነው። ለዚህ ዓይነት ሞተር የሚሆነው ካሚቻ ከገበያ በጠፋበት ጊዜ ለወንድሜ መኪና የጭነት መኪና ካሚቻ በቶርኖ አሳስቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሲገባ ከላይ የያዘልኝ ወንድሜ ነው። ከሁለታችን በስተቀር ይህን የሚያውቅ ፍጡር የለም፤ ፊቱን አስተካክዬ ስለለሰንኩት ስፌቱ እንኳን አይታይም። እኔው ራሴ አላየሁትም ነበር።

ማሽኑን አጠፋሁ። ድምፁን መጀመሪያ አላወቅኩትም፤ ወፍሯል፣ አርጅቷል። ከዚያ ሳላስበው ወደ ስልኩ ጎንበስ ብዬ በልጅነቱ እኔና እናቴ ብቻ በምንጠራው ስም ጠራሁት። «አንተ ጩጬ» አልኩ።

«አቤት» አለ።

በቤታችን ታላቅ ሲጠራ ታናሽ አቤት የሚለው አስቦ አይደለም፤ ይወጣል። ሲተነፍስ እሰማው ነበር። ስልኩ ተዘጋ። ወጣቷ መልሳ ደጋግማ ብትደውል ጠፍቷል ይላል።

ወጣቷ ፊቴን አይታ «ጋሼ፣ ምን ሆኑ? ያውቁታል እንዴ?» አለችኝ። ወንድሜ ነው፣ ሞቷል ብለን ያለቀስንለት ነው አልኳት። እሷም ክው አለች። ለእሷና ለእናቷ የነገራቸው ቤተሰቦቹ በሙሉ አልቀው ብቻውን እንደቀረ ነበር። እኛ እሱን አልቅሰን፣ እሱ እኛን በቁማችን ቀብሮን ስንኖር ነበር ማለት ነው። የግራ እጁ አውራ ጣት ላይ የቆየ ትልቅ ጠባሳ እንዳለው፣ የሞተር ማራገቢያ እንደቆረጠው ሲናገር እንደሰማች ስትነግረኝ አጠገቤ ባለው ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ። ዝምተኛው ችሎት ቆሞ የተናገረው ይህንኑ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሦስተኛውን ሲሊንደር ጠርዝ በናፍጣ አጥቤ በብርጭቆ ወረቀት ስፈትገው ዙሪያውን እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ወጣ። ካሚቻው አለ። ብሎኩን ከማሽኑ ላይ ሳላነሳ በሩን ቆልፌ ቁልፉን ለሳጅኑ አስረክቤያለሁ። ቀለሙ ተፍቆ የሞተሩ ቁጥር ቢታይ ከድሮው መዝገብ ጋር እንደሚመሳሰል አምናለሁ። ወጣቷ የመኖሪያ አድራሻቸውን ለፖሊስ በራሷ ፈቃድ ሰጥታለች።

ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ከወጣቷ ጋር የዝምተኛውን ሚስት በር አንኳኳሁ። ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። እጇ በሳሙና እንደራሰ ከፈተች። እኔን ደጃፏ ላይ ስታይ አንድም ቃል ሳልናገር ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ባሌ ማረሚያ ቤት ሞቶ ሊያረዱኝ መጡ ብላ ነበር። አጠገቧ ተንበርክኬ፣ ባልሽ ደህና ነው፣ ወንድሜም በሕይወት አለ አልኳት። እንድደግምላት ጠየቀችኝ፤ ደገምኩላት። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችኝምም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የጠየቀችኝ «ታዲያ ይፈቱታል?» ብላ ብቻ ነው። ተነሺ፣ ጣቢያ እንሂድ አልኳት።

ልሳሳት እችል እንደሆነ ሳጅኑ ጠይቆኛል። በድምፁ ልሳሳት እችላለሁ። በካሚቻው አልሳሳትም፤ በአቤት አልሳሳትም። ወንድሜ ለምን እንደሄደ፣ ባልንጀራው በእሱ ምክንያት መታሰሩን ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ አላውቅም። ሰምቶ ዝም ብሎ ከሆነ ግን ወንድሜ ስለሆነ እንዳይታለፍ እጠይቃለሁ። ለእናቱ ያልተናገረ አፍ ለሞተሩ ተናገረ፤ ይህ ውስጤን አቃጥሎታል። ሳጅኑ ይህ አረፍተ ነገር ለምርመራው አያስፈልግም ቢለኝም እንዲጻፍ ጠይቄያለሁ። እናቴ እስካሁን አልሰማችም። ልጅሽ አለ ብዬ ልጀምር ወይስ ያ ሰው ንጹሕ ነው ብዬ፣ አላውቅም። ፖሊስ ቀድሞኝ ቤት እንዳይሄድ እለምናለሁ።

በመጨረሻም ዝምተኛው ከተያዘበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ «በሕይወት ሄዷል» ብሎ እንደነበር በዚህ ቃል ውስጥ እንዲሰፍርላት ሚስቱ ለምናኛለች። ብሏል። በጣቢያም ብሏል፣ በችሎትም ብሏል፣ ፍርዱ ከተነበበ በኋላም ወደ እኛ ዞሮ ብሏል። ተቀምጬ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ይህ ቃል ከአፌ እንደወጣ የተጻፈ መሆኑን፣ ተነቦልኝ ማድመጤን፣ የጨመርኩትም የሸሸግኩትም ነገር አለመኖሩን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉ ሲነበብ የሰሙ፦ ኤሌክትሪሺያኗ (ተፈርሟል)፤ የዝምተኛው ሚስት (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው፦ የምርመራ ክፍል ሳጅን (ተፈርሟል)

የሳጅኑ ማስታወሻ፦ «ብሏል» ከሚለው ጀምሮ ያለው በሚስቲቱ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ተነቧል።