ለጀማል ያልመለስኩት

እኛ ተማሪ በነበርንበት ዘመን እኮ፣ ልጆች፣ ክርክር ማለት መጮህ ነበር። ይቺ የልጅ ልጄ ዛሬ "የክርክር ክለብ ገባሁ፣ ስልቱን ንገሪኝ" ስትለኝ ነው ትዝ ያለኝ። ያኔ በደርግ ጊዜ ስብሰባው ሁሉ "ይውደም! ይውደም!" ነው፣ እና እኛም የተማርነው እሱኑ ነው፣ ጉሮሮው የሰፋ ያሸንፋል። ታዲያ ዲላ ስማር፣ አሥረኛ ክፍል መሰለኝ፣ አንድ የታሪክ መምህር መጣና "እናንተ የጌዴኦ ልጆች ሆናችሁ ምን ያስጮኻችኋል? አባቶቻችሁ ሶንጎ ተቀምጠው ሲነጋገሩ አላያችሁም?" አለን። ሶንጎ የሽማግሌዎቻችን ሸንጎ ነው። በመንደራችን ሶንጎ ላይ ሰው ዝም ብሎ አይመልስም፤ መጀመሪያ የባላጋራውን ቃል ራሱ ይደግመዋል፣ "እንዲህ ነው ያልከው?" ብሎ ይጠይቃል፣ ያ ሰውዬ "አዎ" ሲል ነው የራሱን የሚናገረው። እና መምህሩ ይሄንን ሕግ አደረገብን። "አዎ" ሳትባል ከመለስክ ነጥብ የለህም!

የክርክራችን ርዕስ ምን ነበር መሰላችሁ? "ለሰው ይበልጥ የሚጠቅመው ቡና ነው ወይስ እንሰት?" እጣ ወጣ፣ እና እኔ የኮንጋ ገበሬ ልጅ፣ በቆጮ ያደግሁት፣ ቡና ደረሰኝ። የቡና ነጋዴው ልጅ ጀማል ደግሞ እንሰት! ክፍሉ ሳቀብን። ጀማል እኮ እንሰትን ከሙዝ አይለይም።

"ማርታ፣ ፍሬው መቼ ነው የሚደርሰው?" አለኝ።

"ምን ፍሬ አለው አንተ! የሚፋቀው ግንዱ ነው!"

ታዲያ ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ እየተቀመጥን፣ እኔ እንሰቱን አስተምረዋለሁ፣ እሱ ቡናውን ያስተምረኛል። እሱ እስላም፣ እኔ ጴንጤ፣ ቤታችን ቢሰማ ጉድ ይፈላ ነበር። ስለዚህ የምናወራው ስለ ክርክሩ ብቻ ነው። ብቻ! ያ ደጃፍ አሁንም ይናፍቀኛል፣ ለምን እዋሻችኋለሁ።

ቀኑ ደረሰ። ያሸነፈ አዋሳ ሄዶ ይወዳደራል፣ እኔም ያንን ሐይቅ ለማየት ሞቼ ነበር። ጀማል ተናገረ፣ ተራዬ ሲደርስ ሕጉን ላክብር ብዬ ቃሉን መድገም ጀመርኩ። "ጀማል ያለው፣ እንሰት በክፉ ቀን አይከዳም ነው" አልኩ፣ እና እናቴ ትዝ አለችኝ። ቡናው ያልያዘ ዓመት ከጉድጓድ ቆጮ እያወጣች እንዴት እንዳቆየችን፣ እሱንም ጨመርኩ፣ ጀማል ያላለውን ሁሉ ጨመርኩ! አዳራሹ አጨበጨበ።

"እንዲህ ነው ያልከው?" ስለው፣

"ኧረ እኔ ይሄን ያህል አላልኩም!" አለ። ሳቅ በሳቅ!

ቡናዬን ሳልጀምር ደወሉ ተደወለ። በገዛ አፌ ተሸነፍኩ፣ አዋሳም እሱ ሄደ። አልተናደድኩም፣ ታምኑኛላችሁ? ደስ ነው ያለኝ።

በዓመቱ ብሔራዊ ውትድርና ተባለና የጀማል ስም ወጣ። በመሄጃው ቀን አውቶቡሱ ጋ ደረስኩ። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ማርታ፣ ስመለስ እዚሁ ባገኝሽ ደስ ይለኛል" አለኝ። እኔ ጅሏ ምን አልኩ? ሕጉ!

"ስትመለስ እዚሁ ብታገኘኝ ደስ ይልሃል። እንዲህ ነው ያልከው?"

ሳቀ። "አዎ!" አለ።

አውቶቡሱ ተነሳ። መልሴን አፌ ላይ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እሱም አልተመለሰም። ኋላ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ እናንተን አየሁ፣ ይመስገን፣ ግን ያቺን መልስ ለማንም ተናግሬያት አላውቅም። እና ልጆች፣ ሕጉ ጥሩ ነው፣ ያዙት። ብቻ ሰው ሊሄድ ሲል አትጠቀሙበት።

"አያቴ፣ መልሱ ታዲያ ምን ነበር?" አለች የክርክር ክለብ የገባችው የልጅ ልጃቸው።

አያቷ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ሳቁ።

"አንቺ ደግሞ! 'አዎ' ያለኝ እሱ፣ መልሱን ለአንቺ?"