ከምርመራ የተመለሰው

በአውቶቡስ ከመሐል ሜዳ ከተማ ተነስተናል። ከኋላዬ ሁለት ጎረምሶች ኳስ ያወራሉ፤ ጆሮዬን ደግሞ እርጅና አልነካውም።

«ክለባችን ሊገዛው የነበረው አጥቂ ዝውውር ፈረሰ።»

«በስንትና ስንት ሚሊዮን አለቀ ስትል አልነበር?»

«የሕክምና ምርመራውን አላለፈም። ጉልበቱ ነው አሉ።»

«እንኳን ቀረባችሁ። ባለሚሊዮኑን በቃሬዛ ታመላልሱት ነበር።»

«ሳቅ አንተ። የእናንተን ተከላካይ በነጻም የሚወስደው የለም።»

«እሱስ እውነት ነው። ወንድምህ ግን እንዴት ሆነ? አዲስ አበባ ለሙከራ ሄዶ አልነበር?»

«እሱንም ከምርመራ በኋላ መለሱት።»

«ምን አገኙበት?»

«አልነገሩትም። ‹ለጤናህ ስንል ነው› ብለው መሳፈሪያ ሰጡት።»

«እንዴት አይነግሩትም? እኛ የገዛነውን በግ ስንመልስ እንኳ ነውሩን ለባለቤቱ እንናገራለን።»

«አሁን አሁን ሲሮጥ ደረቱን ይይዛል።»

«እየያዘም ይጫወታል?»

«ሌላ ክለብ ያየኛል ብሎ። ዛሬም ራቤል ከተማ ላይ ጨዋታ አለው።»

«ዛሬ? በል አሁኑኑ ደውልለት።»

«ምን ብዬ?»

«አትግባ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይይህ በለው።»

ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«አያነሳም።»

«ድገመው።»

«ገብቶ ይሆናል።»

«ድገመው አልኩህ።»

ሞላሌ ወራጅ ነበርኩ፤ ስልኩ ሲጠራ እየሰማሁ መውረጃዬን አለፍኩት።