ኮሌጁ የጠየቀው ወረቀት

«በሜዳችን የተጫዋቾች መቀመጫ ጣራ ላይ ሰባት ዓመት ያንጠባጥብ የነበረው ቀዳዳ በዛሬው ዕለት በክብር መደፈኑን ለመላው የከተማችን ሕዝብ በታላቅ ደስታ እናበስራለን።»

አዋጁን የጻፉትም፣ ቀዳዳውን የደፈኑትም፣ አሁን ወረቀቱን አጥሩ ላይ በሽቦ የሚያስሩትም ኮች ቨርነን ናቸው። በዚያች የኦክላሆማ ከተማ ሠላሳ ዓመት ቤዝቦል አሠልጥነዋል።

በዚያ ሲያልፍ ያገኛቸው ግራዲ የድሮ ተጫዋቻቸው ነው፤ ዛሬ ተምሮ ለአንድ ኮሌጅ ተጫዋች ይመለምላል። ኮች እሱን ሲያዩ የልጅ ልጃቸውን የኮዲን ነገር አንሥተው መቆሚያ አጡ፤ ሲወረውር ለሚቀልበው ልጅ ሰው እንደሚያዝንለት፣ የፍጥነት መለኪያው በሰዓት ዘጠና አንድ ማይል ማሳየቱን ዘረዘሩለት።

«ካርዱስ እንዴት ነው፣ ኮች?» አለ ግራዲ።

«የምን ካርድ?»

«የትምህርት ቤቱ።»

«ኳሱን በአልጀብራ ነው እንዴ የሚወረውረው? አንተ ደግሞ ፈረስ ልትገዛ መጥተህ ዜማ ይችላል ወይ ትላለህ።»

ግራዲ ሳቀ፤ ግን እንደ ድሮው በትሕትና አስረዳቸው። ለተጫዋቾች የተመደበው ገንዘብ ለቡድኑ ስለማይበቃ እንደ ዳቦ እየተቆረሰ ይታደላል፤ ጎበዝ ተማሪ የጎደለውን በትምህርቱ ይሞላል። በክፍል የወደቀውን ደግሞ ሕጉ ራሱ ሜዳ አያስገባውም።

«ክንዳቸው እኩል የሆነ ሁለት ልጆች ካገኘሁ ካርዱ የሚያምረውን ነው የምወስደው። ትከሻ ይከዳል፣ ኮች። ለዚህ ነው ለምንፈልገው ልጅ የምንልከው ደብዳቤ ከሁሉ በፊት የትምህርት ውጤት የሚጠይቀው።»

«ድሮም ይጠይቅ ነበር?»

«ድሮም። ካርዱ ካልመጣ ልጁ አልፈለገንም ብለን ወደሚቀጥለው እናልፋለን።»

ኮች ሽቦውን ማሰር ተዉ።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለልጃቸው ለዴል ከአንድ ኮሌጅ መጥቶ ነበር። ከፍተው ያነበቡት እሳቸው ናቸው። ኮሌጁ ያሾፈ መስሏቸው፣ በካርዱ ፋንታ ዴል በዓመቱ የወረወራቸውን ኳሶች ፍጥነት በጥሩ ጽሕፈት ገልብጠው፣ ፈርመው ላኩ። መልስ አልመጣም። ለዴልም አልነገሩት። አንጀት የሚበላው፣ የዴል ካርድ ከክፍሉ ሁለተኛ ነበር። የፈለገኝ የለም ብሎ ዶሮ ማረጃ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ሥራው የጎዳው ያ ክንዱ ዛሬ ከትከሻው በላይ አይነሣም። ካርዱ ተልኮለት ቢሆን ኖሮ፣ ክንዱ ቢከዳው እንኳ የተማረው ሙያ በእጁ ይቀርለት ነበር።

«ገባኝ» አሉ ኮች፣ ቀስ ብለው። ግራዲ የገባቸው ስለ ኮዲ ብቻ መሰለው።

በማግስቱ ኮዲን ከክረምቱ ውድድር አስወጥተው፣ ላነከሰበት ሒሳብ የክረምት ትምህርት አስመዘገቡት። ሲጨርስ ካርዱን ራሴ ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ ብለውም አሳወቁ።

የኮዲ አባት ዴል ጆሮውን ማመን አቃተው። «አባዬ፣ ካርድ ኳስ አይወረውርም እያልክ አይደል ያሳደግከኝ? ዛሬ ምን ተገኘ?»

ኮች የልጃቸውን ቀኝ ክንድ አዩ።

«አልነግርህም» አሉ።