የቦቢ ጉርሻ

በምኖርበት የውጭ አገር ከተማ፣ ወደ ሄሰልቢ ሰፈር በሚሄደው ባቡር ውስጥ፣ ለደንበኞቼ የማደርሰውን ቋንጣ በቦርሳ ይዤ እግሬ ሥር አስቀምጫለሁ። ከፊቴ አንድ ጎልማሳና አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ቦቢ የሚሉት ድቅል ውሻ ተኝቷል።

«ቅዳሜ የአደን ውሻ ፈተና አለበት ጋሼ» አለ ጎልማሳው። « ከወደቀ ሁለተኛ አደን እንዳታመጣው ብለውኛል የሥራ ጓደኞቼ።»

«ምን ጎደለው?»

«የእነሱ የአደን ዘር ውሾች አጋዘኑን ሲያገኙ እዚያው ቆመው ይጮሃሉ፤ ጌታቸው ትዝም አይላቸው። ቦቢ ግን ያገኘውን ትቶ ወደ እኔ ይሮጣል።»

«ለምን?»

«ጉርሻ ፍለጋ ነዋ! የአጋዘን ቆዳ እየደበቅሁ ሳለማምደው፣ ባገኘ ቁጥር ጠርቼ አጎርሰው ነበር።»

«አጋዘኑስ?»

«እሱማ እስክንጎራረስ ቆሞ አይጠብቅም።»

«እንግዲያ መውደቅ ያለብህ አንተ ነህ! የአደን ዘር አፍንጫው ይመራዋል፤ ድቅል ግን የጌታውን እጅ ነው የሚያየው። ስለዚህ እጅህን አንተ ውሰድለት። ሲያገኝ አትጥራው፤ የቆመበት ድረስ ሄደህ እዚያው አጉርሰው።»

«በሦስት ቀን ይለምዳል ብለው ነው?»

«አንተ ከለመድክ እሱ አያቅተውም።»

ይኼኔ ቦቢ ተነሣ፤ ቦርሳዬን አሸተተና ቆሞ ይጮህ ጀመር።

«ቦቢ! ና ወዲህ!»

ንቅንቅ አላለም።

«አትጥራው አልኩህ እኮ!» አሉ ሽማግሌው። «ይኸው ቆሞልህ የለም እንዴ?»

የደንበኛዬን ቋንጣ ፈታሁና ቦቢን እዚያው በቆመበት አጎረስኩት።